ውሃን በክብር ስለ መሸኘት

ሐምሌ ላይ መኪናዎ ውስጥ ተቀምጠው ጃንጥላ መዘርጋት ከጀመሩ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ላይ ፌስታል ዘርግቶ «ግድ የለም፣ እኔ ተመችቶኛል» የሚልዎት ከሆነ ደግሞ ምክሩ ዘግይቶብዎታል፤ ቢሆንም ያንብቡት።

መካሪው እኔ ነኝ። ለመካሪነት ያበቃኝ ትምህርት ሳይሆን ጥፋት ነው። በአሮጌ ፒክአፕ የበርና የመስታወት ጎማ ላይ ሊጠፋ የሚችለውን ሁሉ አጥፍቼ ስለጨረስኩ ለእርስዎ የተረፈ አዲስ ስሕተት የለም። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትዕግሥት። እሱ ከሌለዎት ፎጣም ይሆናል።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የተሠራች ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ጃፓኖቹ የመጀመሪያዋን ሂሉክስ በ1968 ለገበያ ሲያቀርቡ ስሟን «ከፍተኛ» እና «ቅንጦት» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቀነጫጭበው አወጡላት። የእኔዋ ከፍታዋን እስከ ዛሬ አልተወችም፤ ለመሳፈር አሁንም እግርን አንሥቶ መንጠላጠል ያስፈልጋል። ቅንጦቱ ግን ከበሩ ጎማ ጋር አብሮ ደርቆ ረግፏል። በ2003 አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንዲት አሮጌ ሂሉክስ ወስዶ ባሕር ውስጥ ነከራት፣ በእሳት ለበለባት፣ በመጨረሻም ሊፈርስ የተዘጋጀ ሕንፃ አናት ላይ ሰቅሎ ሕንፃውን በድማሚት ናደው። ሞተሯ ተነሣ። ዓለም ስለ ሞተሯ መሰከረ፤ ባሕር ውስጥ ሳለች በበሯ ስለገባው ውሃ ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

«ለምን ሌላ አትገዛም?» የሚሉኝ ደጋግ ሰዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እኔና ሂሉክሴ በቁርባን እንደተጋቡ ሰዎች ነን። መፋታት የለም፤ መቻቻልና መጠገን ብቻ።

አንደኛ ምክር፦ የማይገባውን አይክሰሱ

ሁሉም ሰው ክረምትን ይከስሳል። ክረምት ግን ንጹሕ ነው። የበር ጎማ የሚሞተው በበጋ ነው። ከመስከረም ማግስት ጀምሮ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ዓይን የማያየው ጨረር ይሰነጣጥቀዋል፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ደግሞ የተወጠረውን ቦታ እየመረጠ ይበላዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጨረሩን የሚያጣራላት አየር ከቆላው ያነሰ ነው። ክረምት የሚደርሰው ለቀብሩ ነው። ሬሳውን ያገኘውን ሰው ነፍሰ ገዳይ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ጎማ ድሮም ቅምጥል ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጽናትን እስኪደርስበት ድረስ ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ ሲበርድ የሚደርቅ ነገር ነበር። ሰውየው የፈጠራ መብቱን በ1844 አስመዘገበ፤ በ1860 ሲሞት የተወው ግን ሀብት ሳይሆን ዕዳ ነው። በስሙ የሚጠራውን የጎማ ኩባንያ እንኳ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ያቋቋሙት ሌሎች ናቸው። ይህን የምነግርዎ ከአሁኑ ልብዎ እንዲጸና ነው። ከጎማ ጋር የታገለ ሰው እንደማይከብር በታሪክ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ሁለተኛ ምክር፦ ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩ

የአሥር ብር ኖት ይያዙ። ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ በሩን ይዝጉበትና ይጎትቱት። አልወጣም ብሎ ከተከራከረ ጎማው በሕይወት አለ፤ እንደ ቅቤ ሾልኮ ከመጣ ሞቷል። ይህንን በሩን ዙሪያውን በየስንዝሩ ይድገሙት። በሁለት መቶ ብር ኖት መሞከር ውጤቱን የተሻለ አያደርገውም፤ ሐዘኑን ያከብደዋል እንጂ። ደግሞ ጊዜ ይምረጡ። እኔ ሥራዬ ብዬ ከበሬ ስንጥቅ ብር ስስብ ያየኝ ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ኤቲኤም አስገጠሙ እንዴ?» ብሎኛል።

ሁለተኛው ምርመራ በጠመኔ ነው። ጎማውን ዙሪያውን ጠመኔ ቀብተው በሩን ይዝጉና ይክፈቱ። ቆርቆሮው ላይ ነጭ ያልታተመበት ቦታ ጎማውና ቆርቆሮው ከተኳረፉ የቆዩበት ነው። ሦስተኛው በማታ ነው። እርስዎ ውስጥ ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው በውጭ በኩል በባትሪ ዙሪያውን ያብራ። ብርሃን የገባበት ውሃ ይገባበታል።

የመጨረሻው ምርመራ በውሃ ጎማ ነው፤ እዚህ ላይ ጆሮዎን ይስጡኝ። ውሃውን ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይውጡ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉን እየነካ ስለሚወርድ ተጠርጣሪው ሁሉ ወንጀለኛ ይሆንብዎታል። ውሃ ደግሞ በገባበት የማይገኝ ፍጡር ነው። በፓራብሬዛው ማዕዘን ሰርጎ፣ ከክሩስኮቶው ጀርባ ተሻግሮ፣ እግርዎ ሥር ብቅ ይልና «እኔ በበሩ ነው የመጣሁ» ይላል። እኔ አምኜው የሁለቱን በሮች ጎማ ቀየርኩ። በማግስቱ ዘነበ፤ እግሬ እንደ ወትሮው ራሰ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምቼ አውቅ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚመጣም እንዳለ ያን ቀን ገባኝ።

ሦስተኛ ምክር፦ ቤተ ዘመዱን ይለዩ

«ጎማ» የሚለው ስም ብዙ ወንድማማቾችን ይይዛል። የመጀመሪያው የበሩ ዙሪያ ጎማ ነው። ውስጡ ባዶ ወይም እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ስለሆነ በሩ ሲጫነው ይሸሻል፣ ሲለቀው ይመለሳል። ሁለተኛው መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተትበት ቦይ ነው፤ ውስጡ ከፈይ የመሰለ ጸጉር ለብሷል። ሦስተኛዎቹ መስታወቱ ወደ በሩ ሆድ በሚገባበት አፍ ላይ በውስጥና በውጭ የተጋደሙ ሁለት ከንፈሮች ናቸው። አራተኛው የማይንቀሳቀሱት መስታወቶች፣ ማለትም የፓራብሬዛውና የኋላው መስታወት፣ የታቀፉበት ወፍራም ጎማ ነው። መኪናዎ ከፊት በኩል እየተገፋች የምትከፈት ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ካላት እሷ የራሷ ጎማ አላት። ትንሽ ብትሆንም ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው እሷ ናት።

አራተኛ ምክር፦ ሲገዙ አፍዎን ሳይሆን ናሙናዎን ያስቀድሙ

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳሉ። በዚህች ከተማ ሌባ ስፖኪዮ ይነቅላል፣ የዝናብ መጥረጊያ ይመነጭቃል፣ የነዳጅ ክዳን ሳይቀር ይዞ ይሄዳል። የበር ጎማ የተሰረቀበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ከዚህ የምንረዳው ጎማ የሌባንም የባለቤትንም ዓይን የማይሞላ ምስኪን ዕቃ መሆኑን ነው።

«የ82 ሂሉክስ የበር ጎማ ይኖራል?» ይላሉ እርስዎ።

«ጋሼ፣ የሌለ ነገር የለም» ይላል ልጁ። ከጣሪያው ሥር አንድ ጥቅልል ያወርዳል።

«ይሄ የእሷ ነው?»

«የሁሉም ነው።»

ከዚህ ቃል ይሽሹ። የሁሉም የሆነ ጎማ የማንም አይደለም። ከአሮጌው ጎማ ብዙ ካልተጎዳው ቦታ አንድ ስንዝር ቆርጠው ይዘው ይሂዱና ቁርጡን ፊት ለፊት ገጥመው ያስተያዩ። ውፍረቱ በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ቢበልጥ በሩ አይዘጋም፤ ቢያንስ ደግሞ አይነካም። በጣትዎ ጨብጠው ይልቀቁት። ወዲያው ቀና ካለ ጥሩ ነው፤ እያሰበ ከተነሣ አስቀምጠውት ይሂዱ።

«ይሄ ዐርባ ዓመት ያልተነካ ኦሪጅናል ነው» ቢልዎት አይጠራጠሩት፤ እውነቱን ነው። ዐርባ ዓመት ያልተነካ ጎማ ዐርባ ዓመት ያረጀ ጎማ ነው። ጎማ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ይሸመግላል። ኢፒዲኤም የሚባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ ካገኙ ይውሰዱት። ፀሐይንም ኦዞንንም ይችላል። የማይችለው ዘይት ነው፤ ቫዝሊንና ናፍጣ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ መኪናዎን አጥቦ ሲጨርስ «ትንሽ ላብለጭልጭልዎት» ብሎ የናፍጣ ጨርቅ የሚያነሣውን ልጅ አመስግነው፣ ጉርሻውን ሰጥተው፣ እጁን ይያዙ። ጎማ ማለስለስ ካማረዎት የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃዋል።

አንድ የመጨረሻ ቃል፦ ግራና ቀኝ አንድ አይደሉም። እኔ ሁለት ግራ ገዝቼ ገብቻለሁ።

አምስተኛ ምክር፦ ሲያነሡ እንደ ቁፋሮ ባለሙያ ያንሡ

ሐዳር ላይ ድንቅነሽን ያወጡ ሰዎች የነበራቸውን ትዕግሥት አሁን ያስቡ። የእኔን በር ጎማ ሳነሣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሲሊኮን ነው። ከሲሊኮኑ ሥር ማስቲሽ፣ ከማስቲሹ ሥር በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ የካላማዳሪያ ቁራጭ፣ ከካላማዳሪያው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ደግሞ እንደ ደረቀ እንጀራ የሚፈረፈር የመጀመሪያው የጃፓን ጎማ ነበር። ከሁሉም ሥር መኪናዋ ተወልዳ ስትመጣ የነበራት ቀለም ብቅ አለ። እኔ ነጭ ናት ብዬ ስምልላት የኖርኩት ሰማያዊ ነበረች።

ከእኔ በፊት የነበረ እያንዳንዱ ባለቤት በየክረምቱ አንድ ንብርብር አኑሮ አልፏል። አንዱም የቀደመውን አላነሣም፤ ሁሉም በላዩ ላይ ለጠፈ። ይስቁባቸው ዘንድ አልነገርኩዎትም፤ ሲሊኮኑ የእኔ ነው።

ሁሉንም እስከ ቆርቆሮው ይላጩት። የሥራው ግማሽ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህን ነው። በቢላዋ ሳይሆን በእንጨት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይፋቁት። የቀረውን ማስቲሽ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ያጽዱት። ይህንን ደጅ ላይ ያድርጉት፤ ሲጋራ የሚያጨስ አማካሪ ካለ ከአጥር ውጭ ሆኖ ያማክር። ማስቲሽ ቆሻሻ ላይ ሲለጠፍ የሚይዘው ቆሻሻውን ነው።

ዝገት ካገኙ አይሸፍኑት። በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ጸረ ዝገት ቀብተው፣ ቀለም አድርገው፣ ደረቀ ሲባል ይቀጥሉ። እኔ አንዷን የዝገት ነጥብ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ባደርጋት ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ጎማ ልቀይር የወጣሁ ሰውዬ ባታላሜራ ቤት ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። በዚህም ምክንያት ሁለቱን በሮች በአንድ ቀን አይፍቱ። አንዱ ሲፈታ ሌላው «እንዴት ነበር?» ብለው የሚጠይቁት ምስክር ሆኖ ይቆይ።

ስድስተኛ ምክር፦ አይሳቡት

አሁን አዲሱን ጎማ ይገጥማሉ። እንደ መኪናው ሞዴል የሚይዘው ክሊፕ፣ ቦይ ወይም ማስቲሽ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ መጀመሪያ ያለ ማስቲሽ ዙሪያውን አስቀምጠው በሩን ዘግተው ይሞክሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ማስቲሽ ግን ከፈሰሰ ለቀማ የለውም።

ከላይኛው ማዕዘን ይጀምሩ። ማዕዘኖቹ ቦታቸውን ሲይዙ መካከሉ ራሱ ይገባል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ከበሩ ታች ይሁን፤ ላይ ካደረጉት ለዝናብ በር ሠርተውለታል። ማስቲሹን በጎማውም በቆርቆሮውም ላይ በስሱ ቀብተው፣ ጣት ሲነካው የሚይዝ ግን የማይከተል እስኪሆን ይጠብቁና ያጋጥሙ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና የሰው ልጅ ጥንታዊ ፈተና ነው። ጎማው በአራት ጣት ያህል የተረፈ ይመስላል። «ትንሽ ሳብ ላድርገውና አምሮ ይተኛ» የሚል ድምፅ ይሰማዎታል። አይስሙት። የተሳበ ጎማ በቀናት ውስጥ ወደ ቁመቱ ይመለሳል። መገጣጠሚያው ላይ አፉን ይከፍታል፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ቀጥኖ ከቆርቆሮው ይርቃል። ይልቁንም ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ እያደረጉ ያስተኙት። የተረፈውን በመጨረሻ፣ ከሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊሜትር አስረዝመው፣ በምላጭ ይቁረጡ። ጎማ ሥራውን የሚሠራው ተዝናንቶ ሲኖር ነው።

ሌላ ሰው ፊት አይሥሩ ማለት ይከብደኛል፤ ሰፈር ውስጥ ብቻውን መኪና የፈታ ሰው እስከ ዛሬ የለምና። ቡና ይፈላ፤ አማካሪዎችዎን በረንዳ ላይ ያስቀምጡ። ለእያንዳንዱ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» አንድ ስኒ ይድረሰው።

ሰባተኛ ምክር፦ ሲባጎና ታማኝ ሰው ያዘጋጁ

ለፓራብሬዛውና ለኋላው መስታወት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሲባጎ ነው። ጎማውን መጀመሪያ መስታወቱን ዙሪያውን ያልብሱት። ቆርቆሮው በሚገባበት የጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎውን ዙሪያውን ቀብረው ሁለቱን ጫፎች ታች መሐል ላይ ያውጡ። ላርጎ በቀጠነበት ውሃ ያርጥቡት። ከዚያ መስታወቱን ከውጭ ክፈፉ ላይ አሳርፈው አንድ ሰው በመዳፉ ይደግፍ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይሳብ። ሲባጎው እየወጣ በሄደ ቁጥር የጎማውን ከንፈር ከቆርቆሮው ወዲህ እየገለበጠ ያልፋል። በቡጢ የሚመታ ሰው ካለ ቡናው ዘንድ ይላኩት፤ መስታወት የሚሰበረው ከጠርዙ ነው።

እኛ ቤት ከውጭ የደገፍኩት እኔ፣ ከውስጥ የሳበችው ባለቤቴ ናት። ጎማው ገብቶ ሊያልቅ ሲል «ሳቢ!» አልኳት። በመስታወቱ ውስጥ አፏ «ምን?» ሲል አየሁ እንጂ ድምፅ አልሰማሁም። ጎማው በደንብ መግባቱን የነገረኝ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር።

ወደሚንቀሳቀሰው መስታወት ሲመጡ የበሩን የውስጥ ሽፋን ማንሣት ይኖርብዎታል። መስታወቱን የሚያወርደው እጀታ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ የተያዘው የፈረስ ኮቴ በምትመስል ትንሽ ሽቦ ነው። ከእጀታው ጀርባ ቀጭን ጨርቅ አስገብተው፣ ጫማ እንደሚያብስ ልጅ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት፤ ሽቦዋ ትወጣለች። «ትወጣለች» ስል ትበራለች ማለቴ ነው። የት እንዳረፈች የሚያይ ሕፃን አስቀድመው ያቁሙ፤ የሕፃን ዓይን ከእርስዎ ይሻላል።

ሽፋኑ ሲነሣ ከጀርባው አሮጌ፣ የተጨማደደ የፕላስቲክ ሉሕ ያገኛሉ። እኔ ፋብሪካ የረሳው ማሸጊያ መስሎኝ ጠቅልዬ ጣልኩት። በሩ ታች ጠርዝ ላይ ደግሞ በጭቃ የተደፈኑ ሁለት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች አገኘሁ። ቀዳዳ! ክረምቱን ሙሉ የምፈልገው ጠላት እዚህ ተቀምጦ! ጭቃውን ጠራርጌ፣ በሲሊኮን ሞልቼ፣ ደርዙን በጣቴ አሳምሬ፣ እጄን ታጥቤ ተኛሁ። ሕይወቴን ሁሉ እንደዚያ ሌሊት በእርካታ የተኛሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስምንተኛ ምክር፦ ይህን ካነበቡ ሌላውን ቢረሱም ግድ የለም

ሦስት ቀን ዘነበ። ውስጡ ደረቅ ነው። በኩራት ሰው ሁሉ እየጫንኩ ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ወደ ግራ ሳጥፍ ከቀኝ በኩል እንደ ጠላ እንስራ የሚናጥ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ቀኝ ሳጥፍ እኔው ጎን ተናጠ። ፍሬን ስይዝ ሁለቱም ወደ ፊት ሄዱ። የሾፌሩን በር ስከፍተው ከብዶ ወደ ታች ተንጋደደ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ሽማግሌው መካኒክ በሩን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ እንደ ሐኪም ዝም አለ። ከዚያ ሚስማር አንሥቶ የደፈንኩትን ቀዳዳ ከታች ሲወጋው ውሃው እንደ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። ጅሪካን የሚያመጣ ሰው ተጠራ።

«ጋሼ» አለኝ እጁን እየጠረገ፣ «በር ውሃ አያስገባም ያለዎት ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

«በር ውሃ ያስገባል። መስታወቱ ወርዶ የሚገባበት አፍ አለው አይደል? ከንፈሮቹ ብዙውን ይመልሳሉ፤ ሁሉንም አይመልሱም። የገባው በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ በሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል። ያ ፕላስቲክ ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ይከለክለዋል። ታች ያሉት ቀዳዳዎች ያስወጡታል። እርስዎ መከልከያውን ጥለው መውጫውን ደፈኑ።»

ውድ አንባቢ፣ እኔ ይህን ሁሉ ወር ስታገል የነበረው ውሃ እንዳይገባ ነው። ፋብሪካው ግን ያንን ሕልም ገና ከጅምሩ ትቶታል። መኪናን የሠሩት ሰዎች ውሃን እንግዳ አድርገው ነው የተቀበሉት። መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚገባበት ታውቋል፣ የሚሄድበት ተሰምሯል፣ የሚወጣበት ተከፍቷል። እንግዳን በር ላይ ተሟግቶ የሚመልስ ጨዋ የለም። ጨዋ ሰው እንግዳውን ተቀብሎ እስከ ደጅ ይሸኛል። መጥፎ እንግዳ የሚሆነው መውጫ ያጣው ነው፤ ያኔ ውስጥዎ ይከርማል፣ ቆርቆሮዎን ይበላል።

እንግዲህ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ይክፈቱ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ይክፈቷቸው። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ወፍራም ላስቲክ በልኩ ቆርጠው ዙሪያውን ይለጥፉ፤ የታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ ይግባ፣ ውሃውን እንዲያደርስ። የሲሊኮኑን ቱቦ ደግሞ የማያገኙበት ቦታ ያስቀምጡ።

ዘጠነኛ ምክር፦ ወዳጆችዎን እንደገና ያስተምሩ

አዲስ ጎማ ወፍራም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሩ በቀላሉ አይዘጋም። እዚህ ላይ ያልታሰበ ማኅበራዊ ችግር ይገጥምዎታል። የአዲስ አበባ ሰው በላዳ ታክሲ ያደገ ነው። «በሩን ቀስ!» እየተባለ አድጓል፤ የሌላን ሰው በር እንደ ሕፃን ዓይን መክደን ያውቃል። የእኔ ወዳጆች ደግሞ የረገፈ ጎማ ባላት ሂሉክስ ዓመታት ተገርተው በትንፋሽ መዝጋት ደርሰዋል። አሁን «ጠበቅ አድርገው!» ስላቸው የማሾፍ ይመስላቸዋል። አንድ አማቻችን ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በትሕትና ቁጭ ብሎ እስከ ቤቱ ደረሰ።

ሲዘጉ የሌላኛውን በር መስታወት ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ካቢኑ አሁን ስለታሸገ በሩ የሚታገለው ከጎማው ጋር ብቻ ሳይሆን መውጫ ካጣው አየር ጋርም ነው፤ አየርም ሽኝት ይፈልጋል። በሩ ተቆልፎ የሚያርፍበትን ብረት ግን ለማስተካከል አይቸኩሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ ጎማው ቅርጹን ይይዛል። ዛሬ ብረቱን ወደ ውጭ ካወጡት፣ ጎማው በረጋ ጊዜ በሩ ይላላና ደግመው ይመለሱበታል። ከዚያም ወዲህ አልዘጋ ካለ ብቻ ካቻቪቴ ያንሡ።

መደምደሚያ

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ከባድ ዝናብ ወረደ። መኪናዋን አጥር ግቢ አቁሜ ውስጧ ተቀመጥኩ። እግሬን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ክሩስኮቶውን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ፓራብሬዛው ላይ ውሃ ይርመሰመሳል፤ እኔ ደግሞ ከቤት ይዤው የወጣሁትን ፎጣ ጭኔ ላይ እንዳጠፍኩት ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ዘበኛችን በጃንጥላ መጥቶ መስታወቱን መታ። አወረድኩለት።

«ጋሼ፣ መኪናዎ እኮ ታፈሳለች!»

ወርጄ አየሁ። ከሁለቱም በሮች ሥር፣ ከታች ጠርዛቸው፣ ቀጭን የውሃ ክር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ መሬት ላይ ይወርዳል። ገብቶ፣ መንገዱን ይዞ፣ ማንንም ሳያስቀይም እየሄደ ነው።

«ታፍስ» አልኩት።

ሰውየው አዘነልኝ። ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ፤ እዚያው ቆመን ሁለታችንም ውሃውን እስኪጨርስ ሸኘነው።